በራሱ ዘመን የሚኖር ኮምፒውተር

የአቶ ብርሃነመስቀል ኮምፒውተር ተነስቶ ሥራ እስኪጀምር አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ሽኩር በእጅ ሰዓቱ ለክቶታል። መጀመሪያ ማራገቢያው ያጉረመርማል፤ ቀጥሎ ዲስኩ ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ ይንኳኳል፤ ከዚያ ዝም። ሰው አበቃለት ብሎ ከወንበሩ ሲነሳ ስክሪኑ ብልጭ ይላል። አዛውንቱ ጠባዩን ስለሚያውቁ ቁልፉን ተጭነው ሻይ ያፈላሉ። ሻዩን ጠጥተው ሲጨርሱ ኮምፒውተሩም ይደርሳል።

«እንግዲህ አየኸው» አሉ ባዶውን ብርጭቆ እያስቀመጡ። «እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ እሱ ሃያ ሁለት። ግን ማን ቀድሞ እንደሚሄድ ድምፁን ሰምተኸዋል።»

ሽኩር ሰምቶታል። ዲስክ እንዲህ መንኳኳት ሲጀምር የቀረው ዕድሜ በሳምንት የሚቆጠር ነው።

በዚያ ዲስክ ውስጥ ያለው አንድ ፋይል ነበር። አቶ ብርሃነመስቀል ዴንቨር ውስጥ በሆስፒታል አስተርጓሚነት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሐኪም የሚናገረውን በአማርኛ ለበሽተኛ እንዴት እንደሚሉት፣ የትኛው አባባል ሰው እንደሚያስደነግጥና የትኛው እንደሚያረጋጋ፣ ቃል በቃል እየጻፉ ሃያ ዓመት አጠራቅመዋል፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ በስልክ እያስተረጎሙ መጻፉን አላቆሙም። ቁጥሩ አራት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ደርሷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለው አፓርታማቸው የጋራ ክፍል ውስጥ አምስት አዳዲስ አስተርጓሚዎችን የሚያስተምሩት ከዚሁ ነው።

ሽኩር የዚህን ፋይል ዋጋ በገዛ ሆዱ ያውቀዋል። አሜሪካ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ሆዱን ቀስፎ ይዞት ሆስፒታል ሲገባ፣ ሐኪሙ ስለ ሐሞት ጠጠር ብዙ አወራ። ሽኩር ጠጠር የሚለውን ሰምቶ ላብ አጠመቀው። ያኔ አንድ ክራቫት ያሰሩ ሰው ከአልጋው ጎን ጎንበስ ብለው «አይዞህ ልጄ፤ ሽምብራ የምታህል ነገር ናት። ሥራዋ መንገድ መዝጋት ነው፤ አንስተው ይጥሉልሃል» አሉት። ዛሬ ይህ አባባል በፋይሉ ውስጥ ቁጥር 412 ነው።

ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር መገልበጥ ቀላል ይመስላል። አይደለም። የተጻፈበት የድሮ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሎቹን በራሱ መንገድ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፕሮግራሙን እንደገና እንዳይጭኑት ደግሞ የመጫኛው ሲዲም ቁልፍ ቁጥሩም ጠፍተዋል፤ የሸጠላቸው የፒያሳ ሱቅም ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ሽኩር የደረሰበት መደምደሚያ ይህ ነበር፦ ፋይሉን ብቻ ማውጣት አይቻልም፣ ፕሮግራሙን ብቻ ማውጣት አይቻልም፤ የሚወጣው ኮምፒውተሩ በሙሉ፣ ከነቤቱ ከነዕቃው ነው።

ሽኩር ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከመኪና ማቆሚያ ወደ ዴንቨር ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ልጅ ሆኖ መርካቶ ውስጥ በሬዲዮ ጥገና ቤት ስለሠራ የተዘጋ ሣጥን ሲያይ እጁን ይበላዋል። ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ቢሮዎች ሲያድሱ ያስወገዷቸው ሦስት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ወፍራም መጽሐፍ ያህላሉ። በሦስቱ ውስጥ ግን አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ይሠራሉ።

ይህን ሲናገር ሰው ግራ ይጋባል፤ እሱም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። «አፓርታማ አስብ» ይላል፣ ዓይኑ እየበራ። «ግቢው አንድ ነው፤ መሬቱ አንድ፣ የውኃ መስመሩ አንድ። ግን እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በር፣ የራሱ ኩሽና አለው፤ ጎረቤቱ ምን እንደሚያበስል አያውቅም። ቨርቹዋል ማሽን ማለት ተከራይ ነው። እውነተኛው ኮምፒውተር ግቢው ነው። ተከራዩ ግን ግቢው ሁሉ የሱ የሆነ ይመስለዋል፤ እንደዚያ እንዲመስለው የምታደርገው አንተ ነህ!» ከተከራዮቹ አንዱ የቤተሰቡን ፎቶዎች ይይዛል፤ አንዱ የባለቤቱን የዛኪያን ሱቅ ዕቃ ዝርዝር። አንዱ ደግሞ ለመሳሳት ብቻ የተፈጠረ ነው፤ ሽኩር የማያውቀውን ነገር መጀመሪያ እዚያ ላይ ይሞክራል፣ ሲበላሽ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይሠራዋል።

ዛኪያ ይህን ትምህርት ስለጠገበች አትሰማውም። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የሕፃናት ልብስና ሂጃብ የምትሸጥበት ሱቅ አላት፤ የምታስበው ስለ ቦታ ነው።

«ሰው አንድ ጣውንት ያመጣል» ትላለች ፎጣ ይዛ ቆማ። «አንተ ሦስት አምጥተህ ከልብስ ማጠቢያዬ በላይ ደረደርክብኝ።»

«ድምፅ እንኳን የላቸውም እኮ፣ ዛኪዬ።»

«እሱን ነው የፈራሁት። ድምፅ የሌላት ጣውንት።»

የአቶ ብርሃነመስቀልን ኮምፒውተር ወደዚህ ግቢ ማስገባት ሦስት ቀን ወሰደ። ዲስኩን ፈትቶ በኬብል ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘውና ፋይል ሳይመርጥ፣ የተጻፈበትንም ባዶውንም፣ ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው እንዳለ ገለበጠው። የተበላሸ ቦታ ሲያጋጥመው ፕሮግራሙ ዘሎ ያልፍና ተመልሶ ይሞክራል። ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ዲስኩን እንደገና ሊያስነሳው ቢሞክር መንኳኳቱንም ትቶ ነበር።

የተገለበጠው ግን መጀመሪያ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ቆመ። ሽኩር አልደነገጠም፤ እንዲያውም ወንበሩን ሳበ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። አሮጌው ዊንዶውስ ሲወለድ ያልነበረ ዓይነት ዲስክ ሽኩር ሰጥቶት ኖሯል፤ እሱ ደግሞ የማያውቀውን በር አይከፍትም። ሽኩር ቅንብሩን ለወጠና ዲስኩን የድሮ ዓይነት አስመስሎ አቀረበለት። ዊንዶውሱም ተነሳ። አርባ ሰከንድ። የሚታየው ሁሉ፣ ከጀርባ ያለው የጣና ፎቶ ሳይቀር፣ አዛውንቱ እንደተዉት ነበር።

ሽኩር አንድ ቀጭን ላፕቶፕ ወስዶ አሳያቸው። ስክሪኑ ላይ በኢንተርኔት የሚታየው ኮምፒውተር እዚያ ክፍል ውስጥ የለም፤ ሽኩር ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። አቶ ብርሃነመስቀል ቁልፉን ተጭነው ወደ ሻይ ማፍያው ገና ሲዞሩ የጣና ፎቶ ብቅ አለ።

«ሻዬስ?» አሉ።

«ከእንግዲህ እየጻፉ ይጠጡት፣ ጋሼ።»

ሊሄድ ሲነሳ ከመሳቢያ አንድ ፍላሽ አውጥተው ሰጡት። በፊት ኮልፋክስ ላይ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ያንኑ የድሮ ፕሮግራም ይይዝ ነበር። እዚያ ሊያትሙ ሄደው አንዳንድ ነገር አርመውበታል። «ያረምኩት ይሄ ላይ ስላለ አስገባልኝ» አሉት።

እዚህ ላይ የሽኩርን አንድ ልማድ መናገር ያስፈልጋል። ሻትሉን ከማስነሳቱ በፊት ሁሌም አንዴ ዞሮ ያየዋል፤ ጎማውን፣ መብራቱን፣ በሩን። በኮምፒውተርም እንደዚያው ነው፤ ምንም ከመንካቱ በፊት ስናፕሾት ይይዛል። ስናፕሾት ማለት በተጻፈ ገጽ ላይ ስስ ወረቀት እንደ መደረብ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈውና የሚሰረዘው ሁሉ በስሱ ወረቀት ላይ ይሆናል፤ ከሥር ያለው ገጽ አይነካም። ካልወደድከው ስሱን ወረቀት ታነሳለህ። ሽኩር ረቡዕ ዕለት ስናፕሾት ያዘና «ከፍላሹ በፊት» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ፍላሹን ሰካ።

ሁለቱ ፋይሎች ስማቸው አንድ ነው። አሮጌው ዊንዶውስ በትሕትና ጠየቀ፦ ይህ ስም ያለው ፋይል አለ፣ ልተካው? ቀኖቹንም አሳየው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ጁላይ 12 ቀን 2017፤ ፍላሹ ላይ ያለው ኦክቶበር 3 ቀን 2019። አዲሱ ግልጽ ነው። እሳቸውም ያረምኩት ፍላሹ ላይ ነው ብለዋል። ሽኩር «አዎ» የሚለውን ተጫነ። የማሽኑ ሰዓት ወደ ኋላ መቅረቱን አስቀድሞ አይቶ ነበር፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትንሿ ባትሪ ስትሞት የሚሆን ነው ብሎ እሱንም ከዛሬው ቀን ጋር አስተካከለው። ደስ ብሎት ተኛ።

ቅዳሜ ዕለት ትምህርቱን ሊያይ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ሊመሰገንም ነው የሄደው። አምስቱ ተማሪዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሄራን የምትባለው፣ በነርስ ረዳትነት የምትሠራ ወጣት፣ እጇን አነሳች።

«ጋሼ፣ ቬንትሌተርን እንዴት ብለው ነው የጻፉት? ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ፊት ቆሜ አፌ ተያዘ።»

«እሱማ አለ» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል፤ መነጽራቸውን ወደ ታች አድርገው ፈለጉ። የለም። በሌላ ቃል ፈለጉ። የለም። ወደ መጨረሻው ወረዱ። የመጨረሻው ቁጥር 2,871 ነበር።

«ሽኩሬ፣ የቀረው ሌላ ቦታ ነው ያለው?»

ሽኩር የጎደለውን በልቡ አሰላ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ቃል። የኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው፤ አዛውንቱ ከመኝታ ክፍላቸው ሆነው፣ በስልክ፣ ለማያዩት ቤተሰብ የተረጎሙት ሁሉ።

«ጋሼ፣ መጨረሻ የጻፉት መቼ ነበር?»

«ኮምፒውተሩን ልሰጥህ ስል። መጋቢት 12።»

«የዘንድሮ መጋቢት?»

«የዘንድሮ ነዋ! የ2017 መጋቢት።»

ሽኩር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መጋቢት ሰባተኛ ወር ነው። ጁላይም ሰባተኛ ነው።

«የኮምፒውተሩን ቀን የሞሉት በኛ አቆጣጠር ነው እንዴ?»

«ታዲያ በማን ልሞላው ኖሯል?» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ነገሩ ግልጽ ነው ብለው ያስረዱ ጀመር። ኮምፒውተሩ ወርን በቁጥር ስለሚቀበል መስከረምን አንድ ብለው ሞሉ። ወር በገባ ቁጥር ቀኑን በእጃቸው ያስተካክላሉ፣ እሱ ሠላሳ አንድ ማለት ስለሚወድ። ሁለተኛው ወር ለእሱ ፌብሩዋሪ ነውና ጥቅምት ላይ ደግሞ ሃያ ስምንት ሲደርስ አልሄድም ስለሚል ሁለት ቀን እዚያው ይቆማል፤ እሳቸውም ይታገሡታል። በጳጉሜ አምስቱንም ቀን አያበሩትም። «አሥራ ሦስተኛ ወር በለው ብለው እምቢ አለኝ። እንግዲያስ ይረፍ አልኩ።» ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረዋል።

የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ግን የፈረንጅ ቀን ነበረው። የእሱ ኦክቶበር 2019 የእሳቸው 2012 መጀመሪያ ነው። ሽኩር አዲሱን በአሮጌው ተክቶታል።

አቶ ብርሃነመስቀል ነገሩ ሲገባቸው ላፕቶፑን ቀስ ብለው ዘጉና ወደ ሄራን ዞሩ። «ዛሬ በቃል እንሂድ። የማስታውሰውን እነግርሻለሁ።»

ሽኩርን የከበደው ያ አነጋገር ነው። ወደ መኪናው ሲሮጥ ስለ ስናፕሾቱ ትዝ አለው፤ ቀጥሎ ደግሞ ዓርብ ትዝ አለው። በራሱ ማሽኖች ላይ ቦታ ስለሚያጥረው ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ አሮጌ ስናፕሾቶችን ይሰርዛል። ከአዛውንቱ ዲስክ የገለበጠውን ዋናውን ቅጂ ለቦታ ብሎ ማክሰኞ አጥፍቶታል። ትናንት ተቀምጦ መሰረዝ መጀመሩን ያስታውሳል። የት እንደደረሰ ግን አያስታውስም። ከቻምበርስ እስከ ኮልፋክስ ያለው መብራት ሁሉ ቀይ ሆነበት።

ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ዝርዝሩን ከፈተ። ሰባት ነበሩ፤ አራቱ የሉም። ከቀሩት ሦስት የመጀመሪያው «ከፍላሹ በፊት» ይላል። ለምን እንዳልሰረዘው ያኔ ገባው። ሱቅ ወዳለችው ሚስቱ ደወለ።

«ዛኪዬ፣ ትናንት መደርደሪያ አንሳልኝ ብለሽ ስትጠሪኝ ምን እየሠራሁ ነበር?»

«ከጣውንቶቼ ጋር ነበርክ። ምን ሆንክ፣ ድምፅህ?»

«ያኔ ባትደውዪ የጋሽ ብርሃኔን የስድስት ዓመት ሥራ አጥፍቼው ነበር።»

«እኔማ ሁሌ አድናለሁ፤ ማን አየኝ? በል እንግዲህ፣ ከሦስቱ አንዷን አስወጣልኝ፣ ለፎጣዬ ቦታ ላግኝ።»

አሁን ጥድፊያ አያስፈልግም። ሽኩር እጁን ታጥቦ ውኃ ጠጣ። ስሱን ወረቀት በቀጥታ ማንሳት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ፍላሹ ላይ ያለው እርማትም እውነተኛ ነው። ስለዚህ ከስናፕሾቱ አዲስ ማሽን ፈለፈለ። አንድ የነበረው የአቶ ብርሃነመስቀል ኮምፒውተር ሁለት ሆነ፤ አንዱ የረቡዕ፣ አንዱ የቅዳሜ፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ። የረቡዑን ከፈተና ወረደ። 4,106።

ለአዛውንቱ ደወለላቸው። ተማሪዎቹ ገና አልሄዱም ነበር። ላፕቶፑን ሲከፍቱት ሰማ፤ ቀጥሎ ለሄራን ሲያነቡላት ሰማ፦

«ቬንትሌተር። 'የመተንፈሻ ማሽን' ብለህ ብቻ አታቁም። ቤተሰብ ማሽን የሚል ሲሰማ ሰውየው አበቃ ይላል። 'ሳንባው እስኪያርፍ ማሽኑ ያግዘዋል' በል። ከዚያ ዝም በል፣ ይጠይቁህ።»

ከዚያ ሄራን «ልጻፈው፣ ጋሼ፤ ይድገሙልኝ» አለች።

ሽኩር ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገር ለውጧል። ከሦስቱ ኮምፒውተሮች አንዱ አቶ ብርሃነመስቀል ቤት ሄዷል፤ በየሳምንቱ የማሽናቸው ሙሉ ቅጂ እዚያ ይደርሳል፣ ዛኪያም የፎጣ ቦታዋን አገኘች። ፍላሹ ላይ የነበሩትን አርባ ያህል እርማቶች አዛውንቱ አንድ በአንድ አስገቡ። ስናፕሾት ከመሰረዙ በፊት አሁን የማሽኑን ባለቤት ይጠይቃል።

ሰዓቱንም መለሰላቸው። ይህ ለሽኩር ከሁሉ በላይ ያስደነቀው ነገር ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ከግቢው ሰዓት ጋር እንዲሄድ ካላስገደድከው በፈለግከው ዘመን ይኖራል። ግቢው 2025 ሲል ያ አንድ ተከራይ 2017 ነው ብሎ ያምናል፤ ማንም አይከራከረውም። ጳጉሜ ሲገባ ሽኩር ማሽኑን እንዳለ አስተኛው፤ የተከፈተው ገጽ እንደተከፈተ፣ ጠቋሚዋ ባለችበት ቆመች። መስከረም አንድ ቀን ቀሰቀሰውና ዓመቱን ሞላለት። አቶ ብርሃነመስቀል «እንኳን አደረሰህ» ብለው ደወሉ፤ ለእሱ ይሁን ለማሽኑ አልጠየቃቸውም።

ግን ማሽኑ ይኑር እንጂ ቃሎቹ ገና ከውስጡ አልወጡም። ሄራን አንዲት እናት ፊት ስትቆም የሽኩርን መደርደሪያ ይዛ አትሄድም፤ ስልኳ ላይ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሽኩር አሁን የያዘው ሥራ ይህ ነው። በሻትሉ ውስጥ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ፣ መሪው ላይ ደብተር ዘርግቶ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ በግራ የድሮው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ፊደል የሚጠቀመው ምልክት፣ በቀኝ ዛሬ ስልክ ሁሉ የሚያውቀው ፊደል። ብዙው ቀላል ነው። አንዳንዱ ፊደል ግን በድሮው ፕሮግራም ከሁለት ቁራጭ የተገጣጠመ ነው፤ አካሉ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ፤ ቅጥያውን ብቻውን ስትቀይረው የማንም ያልሆነ ነገር ይወጣል። ሙከራውን የሚያደርገው ለመሳሳት በተፈጠረው ማሽን ላይ ነው፣ በቅጂ።

ሰኞ ጠዋት የቬንትሌተሩን ገጽ በሠንጠረዡ አሳልፎ ለሄራን ላከላት። መልሷ ከኤርፖርቱ መታጠፊያ ሳይደርስ መጣ፦ «ጋሽ ሽኩር፣ ዘጠኝ ፊደል ተበላሽቷል። 'ሳንባው' ግን ተነበበ!»

ባለፈው ሳምንት የተበላሹት ሃያ ሁለት ነበሩ። ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ወደ ማቆሚያው ተመለሰና ሻትሉን አጠፋ፤ ደብተሩን ገልጦ ከዘጠኙ የመጀመሪያውን መፈለግ ጀመረ።